ግቢው የጋራ፣ መኪናው የግል፦ ጋራዥ የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪናውን የት ቻርጅ ያድርግ?



ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ታሪክ ከአንድ የኤክስቴንሽን ገመድ ይጀምራል። በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ወጣት ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የገዛው ሊዝናናበት አይደለም። ከዘመድ ተበድሮ፣ የእናቱ ወርቅ ተሽጦ፣ ሰው እያመላለሰ ሊሠራበት ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከበረንዳው ረጅም ገመድ ወደ ታች ለቀቀና መኪናውን ሰካ። ጠዋት ብሎኩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። "ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ኤሌክትሪክ እንዴት ይዘረጋል?" ያሉ አሉ። "ልጁ ሠርቶ ይብላ እንጂ! ምን አደረጋችሁ?" ያሉም አሉ።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ሁለቱ ገመዶች የተቀጣጠሉበት ሶኬት ኩሬ ውስጥ ተኝቶ የግቢው ጥበቃ አየው። ብሬከሩ እስኪጠፋ ድረስ ሰው እንዳያልፍ ቆሞ ከለከለ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። እሁድ ግን ነዋሪው በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ።

በስብሰባው ላይ የተነሱት ነገሮች ሁሉ ትክክል ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነው። ልጁ "ቤቱ የእኔ ነው፣ ቆጣሪውም የእኔ ነው፣ ከራሴ መብራት ምን ከለከለኝ?" አለ። ምድር ቤት የሚኖሩት እናታችን "ልጄ፣ ቆጣሪው ያንተ ነው፤ ገመዱ የሚያልፈው ግን በእኔ መስኮት ነው" አሉት። አንድ ተከራይ "እኔም መኪናውን መግዛት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን አከራዬ ግድግዳ እንድበሳ አይፈቅድም" አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ "ይህን የሚመለከት ደንብ የለንም" ብለው ዘጉት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረን ያለ ውሳኔ ተበተንን።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀን አለ። ለመሆኑ ይህ ችግር በእኛ ብሎክ የተጀመረ ነው? የራሱ ግቢና ጋራዥ የሌለው የከተማ ሰው በሌላው ዓለም እንዴት ተወጣው? ስናነብና ስንጠይቅ ያገኘነው ታሪክ እኛ ከገመትነው በላይ ረጅም ሆኖ አገኘነው። እስቲ አብረን ወደ ኋላ መለስ እንበል።

፨ ጥያቄው ከ125 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው

ብዙዎቻችን የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1897 በለንደን ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ሥራ ጀምረው ነበር። መሐንዲሱ ዋልተር በርሲ ይባላል። ታክሲዎቹ አንዴ ከተሞሉ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኒውዮርክም ተመሳሳይ ታክሲዎች ሰው መጫን ጀመሩ። በ1900 አካባቢ በአሜሪካ ይሽከረከሩ ከነበሩት መኪኖች ሲሶ ያህሉ የሚሄዱት በኤሌክትሪክ እንደነበር ይነገራል። የቀሩት በእንፋሎትና በቤንዚን ነበር የሚሠሩት።

ታዲያ እነዚያ መኪኖች የት ነበር ቻርጅ የሚደረጉት? በዚያ ዘመን ለንደንም ሆነ ኒውዮርክ በፎቅ ቤቶች የተጨናነቁ ከተሞች ናቸው። ባለ ታክሲው በየቤቱ በራፍ ላይ ገመድ አይዘረጋም ነበር። ኩባንያዎቹ ያገኙት መፍትሔ የጋራ ጣቢያ ነው። ታክሲው ባትሪው ሲያልቅ ወደ ጣቢያው ይገባል፤ ከባዱ ባትሪ በሃይድሮሊክ ማንሻ ይወርድና የተሞላ ሌላ ባትሪ ይገባለታል። በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። ዛሬ በቻይና ከተሞች እንደ አዲስ ነገር የምናየው የባትሪ ቅየራ ያኔ በፈረስ ጋሪ ዘመን ይሠራበት ነበር።

የግል መኪና ያላቸውስ? እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ከመኪና በፊት የከተማ ሰው ፈረስ ቢኖረውም ጋጣ አልነበረውም። ስለዚህ ፈረሱን ክፍያ ከፍሎ በሕዝብ ጋጣ ያሳድር ነበር። ጋጣው ያበላል፣ ያጥባል፣ ሲፈለግ ያመጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይኸው ልማድ ወደ ጋራዥ ተላለፈ። በአሜሪካ ትላልቅ ከተሞች ባለ መኪናው በየወሩ ይከፍላል፤ የጋራዡ ሠራተኞች ሌሊት መኪናውን ቻርጅ ያደርጋሉ፣ ያጥባሉ፣ ጠዋት ደግሞ ቤቱ ድረስ ያደርሱለታል። ባለቤቱ ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ገመድና ስለ ጎረቤት አያስብም።

ከዚህም አልፎ በመንገድ ዳር የሚተከል፣ ሳንቲም ሲገባበት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ያኔውኑ ታስቦ ነበር። ቅርጹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ ከሚቀዱበት የመንገድ ዳር ቧንቧ ጋር ይመሳሰላል። በሰፊው ሳይተከል ቀረ እንጂ ሐሳቡ ዛሬ በአውሮፓ ጎዳናዎች ከምናየው ቻርጀር ብዙም አይርቅም።

በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ደግሞ የመብራት ኩባንያው ራሱ ወደ ሥራው ገባ። ደንበኛው የጭነት መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው የኩባንያው ነው። ደንበኛው ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያና በሄደው ርቀት ልክ ሒሳብ ይከፍላል፤ ባትሪ ሲያልቅበት ይቀየርለታል። ይህ አሠራር ከ1910 እስከ 1924 የቆየ ሲሆን መኪኖቹ በድምሩ ከ6 ሚሊዮን ማይል በላይ ተጉዘውበታል። የመብራት ኩባንያዎች የኤሌክትሪክ መኪናን የወደዱበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ሌሊት ሰው ሲተኛ ማመንጫዎቻቸው ሥራ ይፈታሉ፤ መኪና ደግሞ ሌሊት የሚሞላ ደንበኛ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ብሎካችን ስንመለስ እንፈልገዋለን።

፨ ታዲያ ለምን ጠፉ?

ምክንያቱ ብዙ ነው። በ1908 የፎርድ ሞዴል ቲ ገበያ ላይ ወጣ፤ ዋጋውም ከዓመት ዓመት ወረደ። በ1912 የቤንዚን መኪና በ650 ዶላር ሲሸጥ የኤሌክትሪኩ 1,750 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በእጅ እየተዘወረ ይነሳ የነበረው የቤንዚን ሞተር በእጅ ሳይዘወር የሚነሳበት የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ነዳጅ ረከሰ። ከከተማ ውጭ ደግሞ ያኔ መብራት አልነበረም፤ ቤንዚን ግን በጀሪካን ይደርሳል።

ከኤሌክትሪክ መኪናው ጋር ያ የጋራ አገልግሎትም አብሮ ጠፋ። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳርቻ ወጣ፤ የራሱ ግቢና የራሱ ጋራዥ ያለው ቤትም ሠራ። የኤሌክትሪክ መኪና በእኛ ዘመን ተመልሶ ሲመጣ አብሮት የመጣው አስተሳሰብ ይኸው ነው፤ "ማታ ቤትህ ትገባለህ፣ ጋራዥህ ውስጥ ትሰካለህ፣ ጠዋት ሙሉ ሆኖ ታገኘዋለህ" የሚል። ይህ አባባል ጋራዥ ላለው ሰው እውነት ነው። በፎቅ ላይ ለሚኖረው ግን የሰው ታሪክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች በአብዛኛው ባለ ግቢ ሰዎች መሆናቸው የሚገርም አይደለም።

፨ ኦስሎ፦ ከመኪናው ጋር መሰኪያውም

ጥያቄውን ቀድማ የተጋፈጠችው አገር ኖርዌይ ነች። በ1990 የኤሌክትሪክ መኪናን ከግዢ ቀረጥ ነጻ አደረገች፤ በ2001 ከተጨማሪ እሴት ታክስም አነሳችው። በዋና ከተማዋ ኦስሎ አብዛኛው ነዋሪ በአፓርታማ ስለሚኖር መኪናውን ማርከስ ብቻውን እንደማይበቃ ከተማዋ ተረዳች። በ2008 በመንገድ ዳር 400 የቻርጅ ቦታዎችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለመትከል ዕቅድ ወጣ። በመጀመሪያ አገልግሎቱ ነጻ ነበር። መኪኖች ሲበዙ ግን ወረፋው በዛ፤ ነጻ ቦታ ያገኘ ሰው ከሞላለትም በኋላ መኪናውን አያነሳም። በ2019 ከተማዋ ማስከፈል ጀመረች። ነጻ የሆነ የጋራ ነገር ቀድሞ የደረሰ ሰው ንብረት እንደሚሆን ከዚህ እንማራለን።

ኦስሎ ሌላም ነገር አደረገች። በጋራ የሚኖሩ ማኅበራት በራሳቸው ፓርኪንግ ውስጥ መስመር ሲዘረጉ ድጎማ ሰጠች። አገሪቱ በበኩሏ ከ2018 እስከ 2021 በወጡ የሕግ ማሻሻያዎች የነዋሪውን መብት አጸናች። ነዋሪው ቻርጀር ልትከል ብሎ ሲጠይቅ የማኅበሩ ቦርድ ተጨባጭ ምክንያት ከሌለው በቀር እምቢ ማለት አይችልም። "አልወደድነውም" ምክንያት አይደለም። በ2024 በኖርዌይ ከተሸጡ አዳዲስ መኪኖች 88.9 በመቶው የኤሌክትሪክ መሆናቸው የመጣው በቀረጥ ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ድምር ነው።

፨ "ይሁን ወይስ አይሁን" የሚለው ጥያቄ እንዴት ተቀየረ

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ፤ የብሎካችን ስብሰባ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ፈረንሳይ በ2010 ባወጣችው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ "የመሰኪያ መብት" የሚባል ነገር ፈጠረች። በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው ባለቤትም ይሁን ተከራይ በራሱ ወጪ በማቆሚያ ቦታው ላይ ቻርጀር ለማስተከል መጠየቅ ይችላል። ልብ በሉ፣ ተከራዩም ተካቷል። ያ በስብሰባው ላይ "አከራዬ አይፈቅድም" ያለው ወንድማችን ፈረንሳይ ውስጥ ቢሆን የሚቆምበት መሬት ነበረው።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ2012 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የጋራ ሕንፃ ማኅበራት ቻርጀርን እንዳይከለክሉ አደረገች። ጠያቂው ግን ግዴታ አለበት። ሥራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይሠራል፤ የተጠቀመበትን ኤሌክትሪክ ይከፍላል፤ በጋራ ንብረት ላይ ጉዳት ቢደርስ ይጠግናል፤ መድንም ይገባል። የእናታችንን "ገመዱ በእኔ መስኮት ነው የሚያልፈው" የሚለውን ስጋት የሚመልሰው ይህ ነው። መብቱ ለልጁ፣ ዋስትናው ለጎረቤቱ።

ከሁሉ ግልጽ የሆነልን የጀርመን መንገድ ነው። ከታኅሣሥ 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በፊት በጀርመን በጋራ ሕንፃ ላይ ለውጥ ለማድረግ የሌሎቹ ባለቤቶች ስምምነት ያስፈልግ ስለነበር ጥቂት ሰዎች እንኳ ካልፈለጉ ነገሩ ይቆም ነበር። አዲሱ ሕግ ግን ጥያቄውን ራሱን ቀየረው። ማንኛውም ባለቤት ቻርጀር እንዲኖረው መጠየቅ መብቱ ሆነ። የቀሩት ባለቤቶች የሚወስኑት "ይሁን ወይስ አይሁን" የሚለውን አይደለም፤ "እንዴት ይሁን" የሚለውን ነው። መስመሩ በየት ይለፍ፣ ማን ይሥራው፣ ምን ዓይነት መሣሪያ ይሁን? ይህን ማኅበሩ ይወስናል። ወጪውን ጠያቂው ይሸፍናል።

እኛ ሁለት ሰዓት የተከራከርነው "ይሁን ወይስ አይሁን" በሚለው ላይ ነበር። ስለ "እንዴት" አንድ ደቂቃ አላወራንም።

፨ ማቆሚያ እንኳ ለሌለው

ግቢም ማቆሚያም የሌለው፣ መኪናውን መንገድ ዳር የሚያሳድር ሰውስ? ለእሱ ሁለት ከተሞችን እንጥቀስ። በኔዘርላንድ አምስተርዳም የመጀመሪያው የሕዝብ ቻርጀር የተተከለው በ2009 ነው። ከተማዋ የሄደችበት መንገድ ቀላል ነው፤ የራሱ ማቆሚያ የሌለው ነዋሪ መኪና ሲኖረው ያመለክታል፣ ከተማው በቤቱ አቅራቢያ ቻርጀር ይተክላል። ቻርጀሩ ግን የእሱ አይደለም፤ የሠፈሩ ሁሉ ነው። እያንዳንዱ የተጠቀመውን በካርድ ይከፍላል። በዚህ መንገድ ቻርጀር የሚተከለው ሰው በሌለበት አደባባይ ሳይሆን መኪናው በሚያድርበት መንገድ ላይ ነው።

ለንደን ደግሞ የመብራት ምሰሶዋን ተጠቀመች። የድሮዎቹ የመንገድ አምፖሎች በኤልኢዲ ሲተኩ የሚፈጁት ኃይል በጣም ቀነሰ። ወደ ምሰሶው የሚመጣው መስመር ግን ለቀድሞው ፍጆታ የተሠራ ነው። ትርፍ ሆኖ በተገኘው አቅም ምሰሶው ላይ መሰኪያ ተገጠመ። በመጋቢት 2020 በዌስትሚኒስተር ሰዘርላንድ ጎዳና ላይ 24 ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ወደ ቻርጀርነት ተቀየሩ። አዲስ ጉድጓድ መቆፈር፣ አዲስ ምሰሶ ማቆም አላስፈለገም። አሞላሉ ዝግ ያለ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም መኪና ግን ይበቃል።

፨ ሆንግ ኮንግ፦ አንዴ ቆፍሮ ለሁሉም

ሕዝቧ በአብዛኛው በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ላይ የሚኖረው ሆንግ ኮንግ ሌላ ነገር አስተዋለች። ነዋሪው አንድ በአንድ መስመር ቢዘረጋ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች የሕንፃውን ትርፍ ኃይል ይጨርሱታል። ዘግይቶ የመጣው "አቅም የለም" ይባላል። በጥቅምት 2020 መንግሥቷ 2 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር መድቦ በነባር የመኖሪያ ሕንፃዎች ፓርኪንግ ውስጥ ዋናውን መስመር ለሁሉም ማቆሚያዎች በአንድ ጊዜ ለመዘርጋት ድጎማ ጀመረ። በ2022 ሌላ 1.5 ቢሊዮን ተጨመረ። ቻርጀሩን ነዋሪው በፈለገ ጊዜ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ዋናው መስመር ግን ደጁ ላይ ደርሶ ይጠብቀዋል። የጋራ የሆነው በጋራ፣ የግል የሆነው በግል።

፨ ወደ ብሎካችን እንመለስ

የእኛ አገር ነገር በፍጥነት ነው የተቀየረው። በ2014 ዓ.ም መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። በጥር 2016 ደግሞ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። በ2017 ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ከፈተ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መኪናው ገብቶ የሚያድረው በአብዛኛው እኛ ዘንድ ነው፤ በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ግቢ።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በአዲስ አበባ በሰፊው ሲጀመር ስለ ቻርጀር የሚያስብ አልነበረም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል የሆነውን ቤትና የጋራ የሆነውን ግቢ ለይቶ፣ ባለቤቶች በማኅበር የሚተዳደሩበትን መንገድ አስቀመጠ። ቻርጅ የማድረግ ጉዳይ የወደቀው በትክክል በሁለቱ መካከል ነው። ቆጣሪው የግል፣ መኪናው የግል፣ በመካከላቸው ያለው ሃያ ሜትር መሬት የጋራ ነው።

እስቲ ሒሳቡን በምናውቀው ነገር እንሥራው። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። ግድግዳ ላይ የሚገጠም ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ማለት ሁለት ምጣድ አብሮ እንደ መጣድ ነው። ልዩነቱ እንጀራ በሰዓት ያልቃል፤ መኪና ለሰዓታት ይቀጥላል። በዒድ ዋዜማ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ መብራቱ እንዴት እንደሚደክም ያየ ሰው ሃያ መኪና በአንድ ምሽት ቢሰካ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሃያ ጊዜ ሰባት 140 ኪሎ ዋት ነው፤ አርባ ምጣድ።

አሁን ያ ከላይ "ያዙልን" ያልነው ነጥብ ይመጣል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ መኪና በግምት 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃዋል። ይህ በ7 ኪሎ ዋት ከሦስት ሰዓት ብዙም አያልፍም። በመደበኛ ሶኬት በሚሠራው ባለ 2.2 ኪሎ ዋት ገመድ ደግሞ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እራት በሚበስልበት ጊዜ መሰካት የለበትም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ በተራ መሙላት ይቻላል። ያለውን ኃይል በተሰኩት መኪኖች መካከል በራሳቸው የሚያካፍሉ ቻርጀሮችም አሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የመብራት ኩባንያዎች የወደዱት ሌሊት ዛሬም የእኛ መውጫ ነው።

አደጋውንም አንደብቅ። ተራ ኤክስቴንሽን የተሠራው ለቴሌቪዥንና ለካውያ እንጂ ለአሥር ሰዓት የማያቋርጥ ጭነት አይደለም። የቀጠነ ገመድ ይግላል፤ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ደግሞ ይብሳል። የላላ መሰኪያ ይቀልጣል። ውሃ ሲነካው ሰው ይይዛል። "እስካሁን ምንም አልሆነም" የሚለው መልስ ለጎረቤት ሐቅ አይበቃም።

ከጋራ ቆጣሪ መሳብም መፍትሔ አይደለም። አንድ መኪና በቀን 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ በወር 26 የሥራ ቀን ከ570 ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ነው። መኪና የሌላቸው እናት ለሌላ ሰው መኪና በውድ ታሪፍ የሚከፍሉበት አሠራር ፍትሕ የለውም፤ ጠብ ማምጣቱም አይቀርም።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና መሰኪያ ለአውሮፓ ከተሠራው ይለያል። ማኅበሩ የጋራ ቻርጀር ሲገዛ በግቢው ያሉት መኪኖች የትኛውን እንደሚቀበሉ ሳይጠይቅ ከገዛ ገንዘቡን በሜዳ ላይ አቁሞ ያየዋል።

፨ በሁለተኛው እሁድ

ይህን ሁሉ ይዘን በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ጥያቄውን እንደ ጀርመኖቹ ቀየርነው። "ይሁን ወይስ አይሁን?" ብለን አልጠየቅንም። "ይሁን፤ ግን እንዴት?" አልን። ስብሰባው ከመጀመሪያው በግማሽ ሰዓት አጠረ።

የተስማማነው ይህን ነው። ከበረንዳ የሚወርድ ገመድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። ልጁ በግቢው ጥግ፣ ከልጆች መጫወቻ ርቆ አንድ ቦታ ተሰጠው። መስመሩ ፈቃድ ባለው ባለሙያ በቱቦ ውስጥ ይቀበራል፤ የራሱ ብሬከርና የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል፤ ለዚህም መብራት ኃይልን በማኅበሩ ማኅተም እንጠይቃለን። ቱቦው ሲቀበር ግን ሰፊ ሆኖ ይቀበራል፤ ነገ ለሚመጡት አምስትና ስድስት ሰዎች ገመድ የሚያሳልፍ። ለሰፊው ቱቦ የሚወጣውን ልዩነት ማኅበሩ ይሸፍናል፤ በኋላ የሚገቡት ድርሻቸውን ይመልሳሉ። ተከራይም በአከራዩ ፊርማ በዚሁ ደንብ ይስተናገዳል። መሙያ ሰዓቱ ከሌሊቱ አምስት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ተፈረመ።

ነገሩ አልቋል አንላችሁም። ማመልከቻው ገና መልስ አላገኘም። ልጁ እስከዚያው ሌሊት እየተነሳ በክፍያ ጣቢያ ወረፋ ይጠብቃል። የሚጠብቅበት ሰዓት የሚሠራበትን ይበላበታል፤ ዕዳው ደግሞ አይጠብቅም። ትራንስፎርመሩ ስንት መኪና እንደሚችል የሚመረምር ባለሙያ ማምጣትም ይቀረናል። ነገር ግን እናታችን በመጀመሪያው እሁድ "በእኔ መስኮት" ያሉት፣ በሁለተኛው እሁድ ቱቦው የሚቀበርበትን መስመር ራሳቸው ቆመው አሳዩን።

ከታሪኩ የቀረልን ትምህርት ይህ ነው። ለንደንም፣ ኦስሎም፣ ሆንግ ኮንግም መኪናውን እንደ ግል፣ መሰኪያውን ግን እንደ ጋራ ጉዳይ እስኪያዩት ድረስ አልተሳካላቸውም። እኛ ደግሞ በጋራ መኖርን ከማንም አናንስም፤ ዕድሩን፣ የጥበቃውን ክፍያ፣ የውሃ ፓምፑን በጋራ ይዘን ኖረናል። ይኸኛውም ከዚያ የተለየ አይደለም።

ውድ ወጣቶች፣ መኪና ባይኖራችሁም ጉዳዩ የእናንተ ነው። በብሎካችሁ ገመድ ከመዘርጋቱና ጠብ ከመነሳቱ በፊት ኮሚቴውን አናግሩ። ኤሌክትሪክ የተማራችሁ ካላችሁ የግቢያችሁን ቦርድና መስመር ከባለሙያ ጋር እዩ፤ ሕግ የምታጠኑ አንድ ገጽ ደንብ አርቅቁ። የመጀመሪያው መኪና ሲገባ ደንቡ ቀድሞ ይቆየው።